ኦስሎ በማህሌት ካፖርት

አንድ ነገር ቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ኦስሎ የሄድኩት እየቀናሁ ነው። እኔና ማህሌት አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ተካፍለን ነው ጋዜጠኛ የሆንነው። ፖለቲካውንና ስፖርቱን ሌሎች ወሰዱና ዝናብ፣ ድርቅና ችግኝ ለሁለታችን ተረፈ። በኋላ ለአንድ የዶክትሬት ቦታ ሁለታችንም አመለከትን። እሷ ገባች፣ እኔ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ፎቶዋን ባየሁ ቁጥር "እልል! ደስ ሲል!" ብዬ እጽፍላትና ስልኬን ሶፋው ላይ እወረውራለሁ።

የምታጠናው ነገር ራሱ ያስቀናል። ከኖርዌይ ሰሜን፣ አርክቲክ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። ኗሪው ድሮ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ አሁን ግማሹ እንጀራው ከባሕር ከሚወጣው ጋዝ ነው። ማህሌት የምትመረምረው የዚያች ከተማ ጋዜጣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ነው። ዘንድሮ የአጋማሽ ግምገማዋ ደረሰና ከሙያው አንድ ሞጋች ጋብዢ ተባለች። ሞጋች ማለት ሥራውን አንብቦ፣ ሰው ፊት ቆሞ፣ ድክመቱን የሚናገር ማለት ነው። እኔን ጠራችኝ። "ግምገማውን ካላለፍኩ ኮንትራቴ አይታደስም፣ መኖሪያ ፈቃዴም የተያያዘው ከእሱ ጋር ነው። እባክሽ በደንብ አንብቢልኝ" አለችኝ። አነበብኩት። ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት።

እሑድ

ኦስሎ ስደርስ ሻንጣዬ አልደረሰም። ሰው ሁሉ ሻንጣውን እያነሳ ሄደና ባዶው የሻንጣ ማዞሪያ ፊቴ ይዞር ጀመር። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ለግምገማው ያሰፋሁት ኮት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። አንዲት ፈገግተኛ ልጅ "አይዞሽ፣ ቤት ድረስ እናመጣልሻለን" አለችኝ። አላመንኳትም፤ ልክም ነበርኩ።

ማህሌት ውጭ ትጠብቀኝ ነበር። አቅፋኝ ስታበቃ "አንቺ ነይልኝ እንጂ ሻንጣው ገደል ይግባ!" አለችና የለበሰችውን ካፖርት አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። ጥቁር አረንጓዴ፣ እስከ ቅልጥም የሚደርስ፣ ውስጡ እንደ ብርድ ልብስ የሚሞቅ ካፖርት ነው። "አንቺስ?" ስላት "እኔ ለምጄዋለሁ" አለች፣ በሹራብ ብቻ በረዶው መሃል ቆማ። ደግነቷ እንኳ አናደደኝ። ብርዱን ሳይቀር የራሷ አድርጋዋለች!

ባቡሩ ውስጥ ሰው አያወራም። በኛ ታክሲ ቢሆን ሃውገንስቱዋ የሚባለው ሰፈሯ እስክንደርስ የሦስት ሰው የትዳር ጣጣ ሰምቼ ነበር። ማህሌት እዚያ ረጅም ሕንፃ ላይ ነው የምትኖረው፣ ከእህቷ ልጅ ከኤልሳ ጋር። ኤልሳ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ ሄልስፊር የሚባል ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። በሩን ከፍታ "ሃይ ሰናይት! ደከመሽ?" አለችኝ። እትዬ የለ፣ እርስዎ የለ። በእድሜ እናቷ እሆናለሁ። ደግነቱ ወዲያው ሾርባ አቀረበችልኝና ቂሜን ረሳሁት።

ጫማ አውልቄ መታጠቢያ ቤት ስገባ ወለሉ ይሞቃል። ወለሉ! በባዶ እግሬ ቆሜ ቀረሁ። እኛ ሰፈር መብራት ሲመጣ ልጆች ያጨበጭባሉ፣ እዚህ መብራት እግር ያሞቃል።

"በምንድነው የሚሞቀው፣ በጋዝ?" አልኩ ስወጣ።

"ናይ፣ ናይ" አለች ኤልሳ እየሳቀች፤ አይደለም ማለቷ ነው። "እኛ በፏፏቴ መብራት ነው የምንሞቀው። ጋዙን ለሌላ አገር ነው የምንሸጠው። ስለዚህ እኛ ንጹሕ ነን፣ ገባሽ?"

"ቀልዷን ነው" አለች ማህሌት።

"ያ፣ አዎ፣ ቀልዴን ነው። ግን እውነት ነው።"

ሰኞ

የውስጥ ልብስና ጫማ ልገዛ ብቻዬን ወጣሁ። ብሪን የሚባል ሱቅና ጋራዥ የተደባለቀበት ሰፈር ስደርስ መንገዱ መስታወት ሆኖ ጠበቀኝ። ሌላው ሰው ዝም ብሎ ይራመዳል። አሮጊቶች እያለፉኝ ይሄዳሉ! እኔ አጥር እየያዝኩ ጥቂት እንደሄድኩ እግሬ ወደ ላይ፣ ጀርባዬ ወደ ታች ሆነ። ተመስገን፣ ካፖርቱ ወፍራም ነው።

ከአንድ ጎማ መለወጫ ቤት እጁ ቅባት በቅባት የሆነ ጎልማሳ ሮጦ መጣ። አነሳኝ፣ ተደራርቦ በተቀመጠ ጎማ ላይ አስቀመጠኝ፣ ከፔርሙስ ቡና ቀዳልኝ። ከዚያ ሳያማክረኝ ተንበርክኮ ጫማዬ ላይ የብረት ሹል ያለው ላስቲክ አለበሰኝ። በረዶ ላይ የሚሄዱት ለካ በዚህ ነው። እኔ ሲወለዱ የተሰጣቸው መስሎኝ ነበር። ልክፈል ስለው ሊሰማኝም አልፈለገ።

"ድሮ እንዲህ አልነበረም" አለኝ በእንግሊዝኛ። "ድሮ በረዶ ይወርዳል፣ ይቀመጣል። አሁን በብርዱ ወራት ይዘንባል፣ ማታ ይቀዘቅዛል፣ ሰው ይወድቃል።"

"ምን አመጣው ታዲያ?"

"ነዳጁ ነዋ። የኛው ነዳጅ።" ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። "ይሄን ጉልበት በነጻ ያሳከመልኝም እሱ ነው። ስለዚህ ምን ልበል?"

የጎማ ሠራተኛ ይህን ለማያውቃት መንገደኛ ዘና ብሎ ይነግራታል። እኔ አንድ ባለሥልጣን ስለ ድርቅ እንዲህ ቁልጭ አድርጎ እንዲነግረኝ ስንት ጽሕፈት ቤት ደጅ ጠንቻለሁ! ሻንጣው ያን ቀንም አልመጣም።

ማክሰኞ

ማህሌት እራት ጋበዘች። እንግዳው ኦድቫር ነው፣ የዚያች የሰሜን ከተማ ጋዜጣ አዘጋጅ። ለግምገማው ብሎ መንገዱን ሁሉ በባቡርና በመርከብ መጥቷል፤ ስለ አየር ንብረት ለሚወራበት ስብሰባ በአውሮፕላን መምጣት ያሳፍራል ብሎ። እኔ በአውሮፕላን የመጣሁት ሳህን መደርደር ጀመርኩ። ለእጅ መንሻ ደረቅ ዓሣና አንድ ክምር ጋዜጣ ይዟል። ዓሣው ቤቱን ሞላው። ማህሌት ቀይ ወጥ ስታቀርብለት ላቡ ግንባሩ ላይ እየወረደ "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" እያለ ጨረሰና ደገመ። ወደድኩት።

ከእራት በኋላ ጋዜጣውን ዘረጋልን። ብዙውን ገጽ የያዘው የአንባቢ ደብዳቤ ነው። አንዱ ዓሣ አጥማጅ ጉርድ ፎቶውን አስወጥቶ፣ ስሙን ጽፎ፣ "ባሕሩ ሞቀ፣ ዓሣው ሸሸ፣ አዲሱን የጋዝ ጉድጓድ ተዉት" ይላል። ከሥሩ የጋዝ ጣቢያው ብየዳ ሠራተኛ፣ እሱም በፎቶውና በስሙ፣ "ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያ ጉድጓድ ነው፤ እኛ ብናቆም ሌላው የባሰ ቆሻሻ ያወጣል" ብሎ ይመልሳል።

"ሲገናኙስ?" አልኩት።

"ጎረቤታሞች ናቸው። በረዶ አብረው ይዝቃሉ።"

"ለአንተስ ማንም ደውሎ አይቆጣህም?"

"ለምን?"

"የጋዝ ኩባንያው ማስታወቂያ እዚህ ገጽ ላይ ይታየኛል።"

"አዎ፣ ያለ እነሱ ማስታወቂያ ጋዜጣው ይዘጋል። በየዓመቱ ይህንኑ ርዕሰ አንቀጽ ላይ እጽፋለሁ። አንባቢው ይወቀው ብዬ።" እንደዋዛ ነው የተናገረው። ቀናሁበት፣ አልዋሽም። በእኛ ጣቢያ አዘጋጁ ስለ ማስታወቂያ የሚያወራው በር ዘግቶ ነው።

እዚህ ላይ የማህሌት ግኝት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ የቀጣዩ ጣጣ እሱ ነውና። ጋዜጣው ስለ አየር ንብረት ለውጥ በሰፊው ይጽፋል። ስለ ጋዙም ይጽፋል። ነገር ግን ከአንባቢ ደብዳቤ በቀር፣ በራሱ ዘገባ ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ አያገናኝም። ጋዙ የሚወጣው በሥራና በኑሮ ገጽ ነው፣ ከነ ሠራተኛው ስም። ሙቀቱ የሚወጣው በውጭ አገር ገጽ ነው። አቤት አዲስ አበባ ሆኜ ይህን ሳነብ! "ይህን ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ" ብዬ ወረቀቱን አስቀምጬ ግቢ ውስጥ ተንጎራደድኩ።

ከዚያ ተመልሼ አንድ ነገር አየሁ። ማህሌት ካስገባቻቸው የጋዜጣ ፎቶዎች አንዱ ላይ አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን ይዛ ከጉድጓድ አፍ ትቆማለች። ጋዜጣው ከሥሩ "ድርቅ በአፍሪካ" ብሏል። አፍሪካ አይደለም፣ ቦረና ነው። ከሴትየዋ ኋላ ያለውን፣ ጠርዙ በቆርቆሮ የተጠገነ የከብት ማጠጫ ገንዳ አውቀዋለሁ፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የውሃ ቀጂዎቹን ዘፈን በመቅረጫ ቀድቻለሁ። ሴትየዋ ስም የላትም። ማህሌትስ? ማህሌትም "ሥዕል አራት" ብላ አለፈቻት። ሰሜን ያለው ብየዳ ሠራተኛ ሁሉ በስሙ ተጠርቶ በተተነተነበት ጥናት ውስጥ የአገሯ ልጅ ቁጥር ሆነች።

ስህተቷን አገኘሁ። ደስ አለኝ፣ ክፉኛ ደስ አለኝ።

ረቡዕ

ሻንጣው ስላልመጣ ግምገማው ላይ የቀረብኩት በማህሌት ሸሚዝ፣ በማህሌት ሱሪ፣ በማህሌት ካፖርት ነው። አማካሪዋ ሲግሪድ የተባለች ሸበቶ ፕሮፌሰር ናት፤ ተማሪው ሁሉ "ሲግሪድ" እያለ ይጠራታል፣ እሷም አቤት ትላለች። ኮሚቴው ተሰብስቧል፣ ኦድቫርም ከኋላ ተቀምጧል። ተነሺ አሉኝ።

ማህሌት እስክሪብቶዋን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ደግሞ የእሷን ቤት ወጥ በልቼ፣ የእሷን ልብስ ለብሼ፣ ሰው ፊት ላዋርዳት ነው። ደግሞ ቅናቱ! አንዲት ቃል ብተነፍስ ድምፄ ውስጥ የሚሰማ መሰለኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ሆነ። ስለ ትጋቷ ተናገርኩ። ስለ ትህትናዋ ተናገርኩ። ከጣቢያችን ጀምሮ እንዴት ጎበዝ እንደነበረች፣ ለአገሯ ምን ያህል ኩራት እንደሆነች፣ አምላክ ፍጻሜውን እንዲያሳምርላት። አገር ቤት ቢሆን ይጨበጨብልኝ ነበር።

ማንም አላጨበጨበም። ሲግሪድ መነጽሯን አወለቀች።

"ስለ ማህሌት ነገርሽን። ስለ ሥራዋስ?"

"ሥራው ግሩም ነው።"

"ምንም የጎደለው የለም?"

"ምንም" አልኩ፣ ያቺ ጀሪካን የያዘች ሴት ፊቴ ቆማ።

እርስ በርሳቸው ተነጋገሩና ውሳኔውን ነገሩን። ሥራው አልተፈተነም፤ ዓርብ እንደገና እንገናኝ። ከስብሰባው በኋላ ሲግሪድ ማህሌትን ወደ ጥግ ወስዳ አነጋገረቻት። ይህን ያህል መንገድ የመጣ ሰው የሚለው ካጣ ሥራው ውስጥ የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል ብለው ሁለት የኮሚቴ አባላት ተጠራጥረዋል። ያመሰገንኳት መስሎኝ ገደልኳት።

በባቡር ውስጥ በሹክሹክታ ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ? ጮክ ማለት ነውር ነው፣ ስለዚህ ሁለታችንም መስኮቱን እያየን በጥርሳችን መሃል ተጨቃጨቅን።

"አላነበብሽውም እንዴ?"

"አንብቤዋለሁ።"

"ታዲያ ያ ሁሉ የሠርግ ምርቃት ምንድነው?"

"ሰው ፊት ላዋርድሽ?"

"ሰኒ፣ ልባረር ነው እኮ!"

"እቀናብሻለሁ!" አልኩ። ወጣልኝ። ፊት ለፊታችን ያለው ሰውዬ ከስልኩ ቀና አለ። "ገባሽ? ገና ከድሮ ጀምሮ እቀናብሻለሁ። ስህተትሽን ብናገር ቅናቷ ነው ትይኛለሽ ብዬ ነው።"

ማህሌት ዞር ብላ አየችኝ። ትሳቅ ታልቅስ አልገባኝም።

"የጠራሁሽ እኮ ስለምትቀኚብኝ ነው" አለች ቀስ ብላ። "የሚወደኝ ሁሉ ጎበዝ፣ በርቺ ይለኛል፣ ገጹን ሳይገልጥ። የሚቀና ሰው ግን መስመር በመስመር ያነባል። እንደሱ የሚያነብልኝ ካንቺ ሌላ የለኝም።"

ይህን ሁሉ ዘመን ታውቅ ኖሯል። እኔ "እልል" ስላት የነበረው ሁሉ ትዝ አለኝና ካፖርቷ ውስጥ ተሸሸግኩ። ሐሙስን በሙሉ ብዙም አልተነጋገርንም። ኤልሳ ብቻ ቡናማ አይብ በዳቦ እየቆረሰችልን "እናንተ ሰዎች፣ አንድ ነገር በሉ በቃ" እያለች ትዞራለች።

ዓርብ

ዓርብ ተነሳሁና ያቺን ፎቶ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አስወጣኋት።

"ይህ ቦታ አፍሪካ አይባልም፣ ቦረና ነው። ገንዳውን አውቀዋለሁ። ጋዜጣው ሴትየዋን ስም አልሰጣትም፤ ጥናቱም አልሰጣትም። ማህሌት የጋዜጣውን ዓይን ልትመረምር ሄዳ በዚያው ዓይን አየች። ጋዙን ከሥራና ከኑሮ ገጽ፣ ሙቀቱን ከውጭ አገር ገጽ ታስቀምጣላችሁ ብላ ትከሳለች፤ እሷ ራሷ ግን ሰሜኑን በስም፣ የኛን አገር በቁጥር አስቀመጠች።"

ማህሌት ተነስታ ወደ ፎቶው ተጠጋች። ተሳስቻለሁ፣ ጨረስኳት ብዬ መቀመጫዬን በእጄ ፈለግኩ።

"አላየኋትም" አለች። "በየቀኑ እየከፈትኳት አላየኋትም።" ከዚያ ቀጠለች፣ ወረቀት ሳታይ። "ጋዜጣው ለከተማው ሰው የሚለው ለካ ይህን ነው። ጋዙ የሚጠቅመው ስም ያለውን ጎረቤትህን ነው። ሙቀቱ የሚጎዳው ግን ስም የሌለውን ነው። ስለዚህ ሁለቱ አይጋጩም፣ ሰው ተረጋግቶ ይተኛል። ጥናቴ ውስጥ የጎደለው ይህ ነው። የጎደለውም እኔም ተረጋግቼ ስለተኛሁ ነው።"

ኦድቫር ከኋላ ተነሳ። "ፎቶውን የገዛነው እኛ ነን። ድርቅ ብለን ፈለግን፣ እሷ መጣች። ስሟን አልጠየቅንም። አዘጋጁ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።" ብሎ ተቀመጠ። በቃ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ተቀመጠ፣ ሰማይም አልወደቀበትም።

ኮሚቴው ብዙ አልፈጀም። አልፋለች። ሲግሪድ እጄን ጨብጣ "ዛሬ አነበብሽ" አለችኝ። ማህሌት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ደስታ ነው ብትሉኝ እሺ፣ ግን ሌላም ነገር ነበረው። እኔ ለወራት ያብላላሁትን ነገር እሷ ቆማ በአፍታ የራሷ ትልቅ ሐሳብ አደረገችው። በገዛ ምላሴ የበለጠ የምቀናባት ሰው አድርጌያት አረፍኩ!

ቅዳሜ

ሻንጣ ስለሌለኝ መሸኘት ቀላል ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ካፖርቱን አውልቄ ሰጠኋት። "ውሰጂው" አለች። "አዲስ አበባ ይዤው ምን ልሆን?" አልኳት። ለበሰችው። እንደገና የእሷ ሆነ፣ በእሷም ላይ ያምራል።

ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ።

"አንቺ ቦረና መሄድ ትችያለሽ" አለች። "ሄደሽ ስሟን መጠየቅ ትችያለሽ። እኔ እዚህ ከወረቀት ጋር ቁጭ ብዬ 'ስም የላትም' እያልኩ ልጽፍ ነው። ሰኒ፣ እውነቴን ነው፣ ቀናሁብሽ።"

ዓይኗን አየሁት። አልዋሸችም። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፣ ስንት ዘመን ከመስታወት ውስጥ ሲያየኝ የኖረ ዓይን ነው። የበረራውን መንገድ በሙሉ እየሳቅኩ መጣሁ።

ሻንጣዬ እኔ ከሄድኩ በኋላ ሃውገንስቱዋ ገባ። ማህሌት ሽሮውን እየበላች ነው፣ ኮቴንም ኤልሳ ለብሳ ሄልስፊር ሄዳለች አሉ።

እኔ ደግሞ ጣቢያውን አስፈቅጄ፣ መቅረጫዬን ይዤ፣ ያቤሎ ወረድኩ። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ። ፎቶውን ከስልኬ ለውሃ ቀጂዎቹ ሳሳያቸው ተሳሳቁ፤ አንዱ ሮጦ ጠራት። ጀሪካኗ ያው ቢጫው ነው። ፎቶዋ በኖርዌይ ጋዜጣ እንደወጣ አስተርጓሚው ነገራት። ስልኬን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችና ጠየቀችኝ።

"እዚያም ድርቅ ገባ እንዴ?"

"አልገባም። እዚያ ባሕሩ ሥር ጋዝ አለ" አልኳት።

"ታዲያ የእኔን ፎቶ ምን አደረጉት?"

ጥያቄዋን ቀድቼዋለሁ፣ ሲተላለፍም አልቆርጠውም።

ስሟ ዲራሙ ነው። ማህሌት በየቀኑ እየደወለች "አገኘሻት? ማን ትባላለች?" ትለኛለች። ለእናንተ ነገርኳችሁ። ለእሷ ነገ ጠዋት እነግራታለሁ፤ ዛሬን ትንሽ ትቅና።